ሰኔ ላይ የታየው ጥቁር ሽመላ

አዳማ ላይ መነጽር እሸጣለሁ። ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው ዓይን ሳስተካክል ኖሬ፣ ሃምሳ ሦስት ዓመት ሲሞላኝ ወፍ ማየት ጀመርኩ። ባለቤቴ "ሌላው ወንድ በዚህ ዕድሜው ሴት ማየት ይጀምራል፤ አንተ ወፍ ከሆነ ተመስገን ነው" ብላ ፈቀደችልኝ። በአንድ ዓመት ውስጥ የአዳማን ወፍ አይቼ ጨረስኩ። ቁራ አየሁ፣ ርግብ አየሁ፣ ከዚያ ደግሞ ያንኑ ቁራ አየሁ። አቧራና ነፋስ ካልተቆጠረ ሌላ የሚበር ነገር አልቀረኝም።

ከዚያ ነው ስልኬ ላይ ያንን ማኅበር ያገኘሁት። ወፍ ለማየት የሚጓዘውን ሰው፣ በየአገሩ ካለ ወፍ ወዳድ ጋር ያገናኛል። ክፍያ የሚባል ነገር የለም፤ የቤቱ ባለቤት በበጎ ፈቃዱ ያሳድራል፣ ያበላል፣ ወፉን ያሳያል። እንግዳው ያየውን በደብተር ይጽፋል። ሕጉ አንድ ብቻ ነው፦ ሲመሽ ሁለቱም ደብተሩን ይዘው ይቀመጡና በእያንዳንዱ ወፍ ላይ ይስማማሉ። ባለቤቱ "አዎ፣ እሱ ነው" ብሎ ካልፈረመ ወፉ እንዳልታየ ይቆጠራል። ይህን ሕግ ያወጣው ሰው ማንም ይሁን ማን፣ ጎጃምን ረግጦ አያውቅም። ለምን እንደምል ወደ በኋላ ታዩታላችሁ።

ሐሙስ

ረቡዕ አዲስ አበባ አማቼ ቤት አድሬ ሐሙስ ገና ሳይነጋ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። የሩቅ ማያ መነጽሬን አንገቴ ላይ አንጠልጥያለሁ። አጠገቤ የተቀመጡት ሰውዬ እስከ ጎሃ ጽዮን ድረስ መነጽሩን በዓይናቸው ሲመረምሩት ቆይተው፣ የዓባይን ቁልቁለት ስንጀምር መታገስ አቃታቸው።

"ጋዜጠኛ ነዎት?"

"አይደለሁም። ወፍ ነው የማየው።"

ድልድዩን ተሻገርን፤ ዳገቱን ወጣን፤ ደጀን ደረስን። እዚያ ሲደርሱ በሐዘኔታ ክንዴን ነካ አደረጉና "አይዞዎ፣ ሥራ ይገኛል" አሉኝ።

የዓባይን በረሃ ሌሎች ጽፈውለታል። እኔ የማውቀው ቁልቁለቱን ስንወርድ ሙቀቱ አዳማን አስናፈቀኝ፤ ዳገቱን ስንወጣ ብርዱ ካፖርቴን አስናፈቀኝ፤ ካፖርቱ ደግሞ አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ከሦስት ኩንታል ሽንኩርት ሥር ነበር። ፍኖተ ሰላም የደረስኩት እንደ ሽንኩርት እየሸተትኩ ነው።

ከመናኸሪያው የተቀበለችኝ መምህርት ሰናይት ትባላለች። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ ታስተምራለች፤ የማኅበሩ የአካባቢው አገናኝም እሷ ናት። እናቷ ቤት ወሰደችኝ። የሐዋርያት ጾም ነበርና ሽሮና ጎመን፣ በተልባ የተለወሰ ፍትፍት ቀረበልኝ። ይህን ሁሉ ያቀረቡት እናት ግን ይቅርታ መጠየቃቸውን አላቆሙም። "ጾም ሆኖብን ነው እንጂ ዶሮ ነበረች" ይላሉ። ዶሮዋ በሩ ላይ ቆማ ትሰማለች። አዳማ ቢሆን ጾሙን አመስግነን ዝም ነበር የምንለው።

ከራት በኋላ ሰናይት ወንበሯን አስጠጋች።

"ጋሽ ዘውዱ፣ ነገ የሚሄዱበትን ሰው ነገር ልንገርዎት። አያ ታከለ ይባላሉ፤ ከቡሬ ወደ ሽንዲ በሚወስደው መንገድ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። የደብራቸው ግቢ ውስጥ አንድ ያረጀ ዋንዛ አለ። ግንዱ ውስጥ ባለው ጉድጓድ እርኩም እንቁላል ታቅፋለች።"

እርኩምን ለማታውቁ፦ ቱርክ የሚባለውን ዶሮ የምታህል ጥቁር ወፍ ናት። ክንፍ እያላት በእግሯ መሄድ ትመርጣለች፤ ምንቃሯ መጥረቢያ ነው የሚመስለው። መልኳን አይተው የሚወዷት ባሏና አያ ታከለ ብቻ ናቸው።

"ሰበካ ጉባኤው ዋንዛው ይቆረጥና ለግቢው በር ሳንቃ ይሁን ብሏል" ስትል ቀጠለች። "አያ ታከለ ጫጩቷ ሳትወጣ አይቆረጥብኝ ብለው ለመኑ። ስለ እርኩም ብሎ የሚለምን ሰው አይተው ስለማያውቁ ግራ ገባቸው። በመጨረሻ 'ወፍ የሚያውቅ ሰው ይምጣና ይናገር፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እንወስናለን' ተባባሉ። አያ ታከለ ማኅበሩ ውስጥ የገቡትም ለዚሁ ነው።"

"ጥሩ ነው። ወፍ የሚያውቀው ሰው መቼ ይመጣል?"

"እርስዎ ነዎት እኮ ጋሼ።"

ማኅበሩ ውስጥ ስመዘገብ "ልምድ" በሚለው ቦታ ላይ ምን ጽፌ እንደነበር በዚህች ቅጽበት ትዝ አለኝ። አልነግራችሁም። "ሰፊ" የሚል ቃል ግን ነበረበት።

ዓርብ

ጠዋት በሚኒባስ ቡሬ ገባሁ። ቡሬ መንገድ የሚሰነጠቅባት ከተማ ናት፤ ባጃጁ፣ የእህል መኪናው፣ ተማሪው፣ ሁሉም መገንጠያው ላይ ቆሞ ወዴት እንደሚሄድ የሚያስብ ይመስላል። እኔ በሽንዲ ሚኒባስ ተጫንኩ። ረዳቱ "አንድ ሰው ብቻ! አንድ ሰው!" እያለ ሰባት ሰው አስገባ። አዳማም እንዲሁ ነው፤ ልዩነቱ እዚህ ከላዬ የተቀመጡት ሴትዮ "ከበድኩዎት ይሆን?" ብለው መጠየቃቸው ነው።

አያ ታከለ ከመንገዱ ዳር በቅሎ ይዘው ቆመው ጠበቁኝ። ስድሳ ያለፋቸው፣ ቀጭን፣ በሽበታቸው ልክ የሚያምሩ ሰው ናቸው። በእግሬ ልሂድ ብል አሻፈረኝ አሉ። "የኔ እንግዳ በእግሩ ከሄደ በቅሎዋም ትታዘበኛለች" አሉና ደግፈው አወጡኝ። በቅሎዋ የአዳማን ሰው ክብደት በአንድ እርምጃ መረመረች፤ በሁለተኛው አሰበችበት፤ በሦስተኛው ውሳኔዋን ሰጠች። ጭቃው ውስጥ በጀርባዬ ተዘርግቼ ሰማዩን ሳይ፣ አያ ታከለ ባርኔጣቸውን አውልቀው ከበላዬ ቆሙ።

"እንኳን በሰላም ወረዱ" አሉኝ።

ሰውየውን ማወቅ የነበረብኝ ያኔ ነው። ወድቆ ጭቃ የበላን እንግዳ "ወደቁ" የማይል ሰው፣ ሌላም ብዙ ነገር አይልም።

እንደተነሣሁ አንዲት ወፍ በላያችን አለፈች። "ንስር!" አልኩ ጭቃዬን እየጠረግሁ።

አያ ታከለ ወፏ እስክትርቅ ተከተሏት። አንገቷ ዙሪያ ነጭ ነበረባት፤ "ቋ! ቋ!" ብላም ጮኸች።

"ንስር ትሆናለች" አሉ። "እርስዎ ካሉ።"

ጻፍኳት።

ቤት ስንደርስ ባለቤታቸው ወይዘሮ ይታይሽ እግሬን ካላጠብኩ ብለው ተሟገቱኝ፤ እኔም ተሟገትኩ፤ ተሸነፍኩ። የቤቱ አልጋ አንድ ነው፤ ለእኔ ተነጠፈ፤ እነሱ መደብ ላይ እንደሚያድሩ የገባኝ ዘግይቼ ነው። ስከራከር ይታይሽ "መደቡ ለወገቤ ይሻለኛል" አሉኝ። እኚህም እንደ ባላቸው ናቸው አልኩ በልቤ። ጾም ባይሆን ይታረድልኝ የነበረው በግ እየተነገረኝ፣ በአዋዜ ድንች በላሁ። ድንቹ ግን ድንች ነበር! አዳማ ያለው ድንች የዚህ ድንች የሙት ዓመት ነው።

ቅዳሜ

ወፍ የሚታየው ጎህ ሲቀድ ነው። አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ጫማዬን አጥልቄ በሩ ላይ ቆምኩ።

"ባዶ ሆድ ከቤቴ አይወጣም" አሉ ይታይሽ።

"ወፎቹ ይሄዳሉ እኮ እናቴ።"

"የት ይሄዳሉ? አገራቸው ነው።"

ቂጣ በኑግ ተበላ። ሁለት ሰዓት ላይ ወጣን። መቶ እርምጃ ሳንሄድ ጎረቤት ብቅ አለና "ቤት ያፈራውን ሳይቀምሱማ!" አለ። ገባን፤ በሶ ጠጣን። ቀጥለን ስንሄድ ሌላው ቤት "እሱ ጋ ገብተው እኔን ዘለው?" አለን። ገባን፤ ቆሎ በላን። ሦስተኛው ቤት መነጽሬን ሲያዩ መሬት ሊለካ የመጣ ሰው መስያቸው ፊታቸው ጠቆረ፤ ወፍ እንደማይ ሲሰሙ አዘኑልኝና ጠላ ቀዱልኝ። አንድ ኪሎ ሜትር በአምስት ሰዓት ተጓዝን። በዚያ አካሄድ ዓባይ ሱዳን የሚደርሰው በስምንተኛው ሺ ነው።

በየቤቱ መሐል ግን ወፍ ነበር። አያ ታከለ ወፍን የሚለዩት በክንፍ ቀለም አይደለም፤ በጠባይ ነው። "ያቺ የጤፍ ሌባ ናት። ያቺ በቆሎ ስንዘራ ከኋላ ከኋላችን የምትለቅም ናት። ያቺኛዋ ጻድቅ ናት፤ ትል ብቻ ነው የምትበላ።" የሚያውቁትን ወፍ እኔ አፌን ሳልከፍት ይናገራሉ። እኔ ቀድሜ ስም ስሰጥ ግን "ይሆናል"፣ "እርስዎ ካሉ"፣ "መቼስ ማን ያውቃል" ይሉኛል። ይህን ልዩነት አሁን ነው የምጽፈው። ያኔ የማስበው፣ በአንድ ጠዋት ስንት አዲስ ወፍ እንዳገኘሁ ብቻ ነበር።

ወደ ሰባት ሰዓት ገደማ ማካፋት ጀመረ። ይታይሽ ምሳ ይዘው ደረሱልን። ከወንዙ ማዶ በታረሰ ማሳ መካከል አየሁት፦ ጥቁር፣ ረዥም፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ በአንድ እግሩ የቆመ። መነጽሬ በካፊያው ደብዝዟል፤ ልቤ ግን አልደበዘዘም።

"አያ ታከለ! ያ ምንድን ነው?"

እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጋርደው አዩ። "ለእርስዎ ምን ይመስላል?"

"ጥቁር ሽመላ!"

"እንግዲያማ እሱ ነዋ።"

"ሰኔ ላይ እኮ ነው! ይህ ወፍ በዚህ ወቅት አውሮፓ መሆን ነበረበት። ለምን ቀረ?"

"እንጃ" አሉ አያ ታከለ ማዶውን እያዩ። "አንድ ነገር አቃጥሎት ይሆናል።"

አንድ ሰዓት ሙሉ ጠበቅነው። ላባውን አላራገበም፤ እግሩን አልቀየረም። "ምን ዓይነት ወፍ ነው፣ ንቅንቅ የማይል!" ስል አያ ታከለ "ትዕግሥተኛ ነው" አሉ። ይታይሽ በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፍነው ፊታቸውን አዞሩ። ለሽመላው አዝነው መስሎኝ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ወደ ደብሩ ግቢ ወጣን። ዋንዛው ሦስት ሰው ተያይዞ የማያቅፈው ነው፤ ጫፉ ደርቋል፤ ከፍ ብሎ ትልቅ ጉድጓድ ይታያል። ከአጥሩ ሥር ተቀመጥን። እዚህ ቦታ አያ ታከለ ሌላ ሰው ሆኑ። እጄን ያዙ።

"አሁን ይመጣል" አሉ። "አባትየው።"

መጣ። እንደ ሽማግሌ ካህን እየተንጎማለለ በእግሩ መጣ፤ በመጥረቢያ ምንቃሩ እንሽላሊት ይዟል። ቆም አለና አየን፤ ከዚያ ከብዶት ተነሥቶ ጉድጓዱ አፍ ላይ አረፈ። ከውስጥ ሌላ ምንቃር ወጥቶ ተቀበለው። ቀልድ ለመናገር አፌን ከፍቼ ነበር፤ ቀልዱ ጠፋብኝ።

"በቀን አራቴ አምስቴ ይመላለሳል" አሉ አያ ታከለ በሹክሹክታ። "እሷ አትወጣም። ዛፉ ሲወድቅም አትወጣም። እሱን ነው የማስበው።"

ሲመሽ ደብተሩን ይዘን ተቀመጥን። ስልሳ ሰባት ወፍ። አያ ታከለ በእያንዳንዱ ላይ "አዎ፣ እሱ ነው" አሉ፤ ፈረሙ። ሽመላው ላይ ሲደርሱ ብዕሩን ጥቂት አየር ላይ ይዘውት ቆዩ፤ ከዚያ ፈረሙ።

እሑድ

ቅዳሴ እንዳለቀ ሽማግሌዎቹ ከዋንዛው ሥር ተቀመጡ። የሰበካ ጉባኤው ሰብሳቢ ቄስ አዳነ ናቸው፤ ትንሽ ሰው፣ ትልቅ ጥምጣም፣ ዓይናቸው ግን መነጽር የማይሸጥለት ዓይን። አያ ታከለ ከጥግ ቆመዋል። "ይናገሩ" ተባልኩ።

ተናገርኩ። እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ አዳማ ላይ ለጨረታ እንኳ እንዲያ ተናግሬ አላውቅም። ወፍ እንዳገሯ ትጮኻለች ብዬ ጀመርኩ። በሁለት ቀን አያ ታከለ የፈረሙበት ስልሳ ሰባት ዓይነት ወፍ ማየቴን፣ እንዲህ ያለ አገር ከዓለም እንደሌለ፣ ዋንዛው ከተቆረጠ ወፉ ሁሉ ተሰድዶ እንደሚሄድ ተናገርኩ። ሲያጨበጭቡልኝ ባላይም ሞቅ አለኝና ሽመላውን አወጣሁት። "አውሮፓ መሆን የነበረበት ወፍ ከእናንተ ማሳ ላይ ቆሟል! ከየአገሩ ሰው ሊያየው ይመጣል!"

"ከየትኛው ማሳ?" አሉ ቄስ አዳነ።

"ከወንዙ ማዶ። ጥቁር ነው። በአንድ እግሩ።"

ሽማግሌዎቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ መሬት መሬት አዩ። ማንም አልሳቀም፤ ትከሻቸው ግን ብቻውን ይንቀጠቀጥ ነበር።

"ማሳው የኔ ነው" አሉ ቄስ አዳነ በእርጋታ። "በበጋ ባሕር ዛፍ ቆርጬ ጉቶውን አቃጥዬው ነበር። አልነቀልኩትም።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ "እንኳን በሰላም ገቡ" የሚሉኝ አያ ታከለ እዚያው አሉ፤ የእሳቸውም ፊት ግን አሁን ጠቁሯል። ቄሱ ወደ እሳቸው ዞሩ።

"ታከለ፣ ፊርማህ አለበት። ሽመላ አይተሃል?"

አዎ ቢሉ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ መዋሸታቸው ነው። አይ ቢሉ ያመጡት ምስክር እኔ ነኝ፤ እኔ ከወደቅኩ ዛፉም ይወድቃል። ያንን ሁሉ በፊታቸው ላይ አነበብኩት፤ እንዲያ ያለ ነገር ለማንበብ መነጽር አያስፈልግም።

"አባቴ" አሉ በመጨረሻ፣ ድምፃቸው ወርዶ። "እንግዳ ናቸው። ከቤቴ አድረው፣ ከማዕዴ በልተው፣ 'ሽመላ ነው' ካሉ፣ 'ጉቶ ነው' ብዬ ላዋርዳቸው? ጉቶውን አውቀዋለሁ። ፈርሜያለሁ። ጥፋተኛ እኔ ነኝ።"

"ከስልሳ ሰባቱ ስንቱ እውነት ነው?"

አያ ታከለ በጣታቸው አሰቡ። "አርባ አንዱ ወፍ ነው። ሃያ ስድስቱ የእንግዳ ነው።"

"እርኩሟስ?"

ቀና አሉ። "እርኩሟ የኔ ናት። እሷን እሳቸው አልነገሩኝም፤ እኔ ነኝ የነገርኳቸው። በልጆቼ እምላለሁ፣ እዚያ ውስጥ ናት።"

ደብተሩን አወጣሁ፤ ብዕር አወጣሁ። እዚያው ቆሜ፣ ሽማግሌዎቹ እያዩኝ፣ ሃያ ስድስቱን አንድ በአንድ ሰረዝኩ። ሽመላውን ሁለት ጊዜ ሰረዝኩት። "አባቶቼ" አልኩ፣ "እኔ ወፍ አዋቂ አይደለሁም። አዳማ ላይ መነጽር የምሸጥ ሰው ነኝ። ወፍ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው።"

ቄስ አዳነ ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

"መነጽር ይሸጣሉ?"

"አዎ አባቴ።"

"ለሰው?"

ያን ጊዜ የተያዘው ሳቅ ሁሉ ተለቀቀ። አንድ ሽማግሌ በትራቸውን ጣሉ፤ አያ ታከለ እንኳ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። ከዋንዛው ላይ ርግብ ተነሥታ በረረች። ስሟን ለማንም አልነገርኩም።

ሳቁ ሲበርድ ቄስ አዳነ ከድንጋያቸው ተነሡ፤ እጃቸውን የዋንዛው ግንድ ላይ አሳረፉ።

"እንጨት በክረምት ቢቆረጥ ሳንቃው ይጣመማል" አሉ። "የተጣመመ በር ደግሞ ለደብር አይሆንም። ይደር።"

ስለ ወፍ አንድ ቃል አልተነፈሱም። ማንም አላነሣም። ሁሉም "እውነትዎን ነው፣ ይጣመማል" እያለ ተበተነ።

ሰኞ

በእግሬ ሄድኩ። በቅሎዋ ከኋላ እየተሳበች ነጻ መውጣቷን ስታጣጥም ነበር። ይታይሽ በርበሬና በሶ አስይዘውኝ "ጾሙ ሲፈታ ይምጡ፤ በጉ ይጠብቅዎታል" አሉ። አያ ታከለ አስፋልቱ ድረስ ሸኙኝ። መንገድ ላይ ይቅርታ ልጠይቃቸው ስጀምር እሳቸው ቀደሙኝ፤ በሰው ፊት ስላሳፈሩኝ ይቅርታ ጠየቁኝ! ጉቶ ሽመላ ነው ያልኩት እኔ፣ ይቅርታ ጠያቂው እሳቸው። ከዚህ አገር ሰው ጋር ተጣልቶ ማሸነፍ አይቻልም።

አዳማ ስገባ ነፋሱ እንዳለ ነው። ባለቤቴ "ስንት ወፍ አየህ?" አለችኝ። "አርባ አንድ" አልኳት። ባሏን የምታውቅ ሴት ናትና "ብቻ?" ብላ ግንባሬን ዳሰሰች፤ ያመመኝ መሰላት።

ጥቅምት ውስጥ፣ ሱቅ ተቀምጬ ሳለሁ፣ ከመምህርት ሰናይት ስልክ መልእክት ገባልኝ። አያ ታከለ ያሉትን ቃል በቃል ጽፋለች፦

"ለተከበሩ ጋሽ ዘውዱ። እንዴት ከረሙ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ጫጩቷ ወጥታለች፤ ከአባቷ ጋር በማሳው ላይ ትሄዳለች፤ መልኳ እንደ እናቷ ነው፣ አስቀያሚ። ዋንዛውን ቄስ አዳነ አሁን ደግሞ የአጨዳ ጊዜ ነው፣ ሰው የለም፣ ይደር ብለዋል። ልጆቻቸው ያንን ጉቶ ለማገዶ ሊነቅሉት መጥረቢያ ይዘው ወርደው ነበር። ቄስ አዳነ ከለከሏቸው። 'የእንግዳ ነው፤ ሳይበር አይነካም' አሏቸው። ሽመላዎ ደህና ነው። እስካሁን እዚያው ቆሟል።"